ደጅ የማይጠናበት ቤት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረገው። «ይሄ ዊንዶውስ ተንቀራፎ ሊገድለኝ ነው። በቃ፣ ያንተን ነገር ጫንልኝ» አለኝ።

ይህችን ቃል አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቄአታለሁ። በየቡና ቤቱ፣ ይቅር ይበለኝና በየለቅሶ ቤቱም ጭምር፣ ስለ ሊኑክስ ስሰብክ ኖሬ አንድ ሰው እንኳ ሳላስገባ ጠጉሬ ሸበተ። ታዲያ ቃሏ ስትመጣ ደስ ሊለኝ ሲገባ ድካም ተሰማኝ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ነበር።

«ምነው? አንተ አይደለህ እንዴ ሌት ተቀን ስትለፈልፍልን የኖርከው?»

ነኝ። አሁንም ከዚሁ ቤት አልወጣሁም። ይህን የምጽፈው በሊኑክስ ነው፤ የምጽፍበት ሊብሬ ኦፊስም፣ ፊደሉም ነፃ ነው። ግን ሰው ራሱ የገባበትን ትዳር ለወዳጁ ሲድር ይጨንቀዋል። እንግዲህ እንደኔው የቆሰላችሁ ካላችሁ ትንሽ አብረን እናማርር። ሌላችሁ ቡናችሁን እየጠጣችሁ ሳቁብን፤ ለምደነዋል። (የምጠራቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ አንዲት የአዋጅ ቁጥር ብቻ የኛን ይዛለች።)

ለወዳጄ ልማድ ሆኖብኝ «ነፃ ነው እኮ» አልኩት። «የኔስ መቼ ተከፈለበት?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚሠራበት ዊንዶውስ ክራክ የተደረገ ነው። ጠጋኙ ጋ ወስደህ «ፎርማት አድርግልኝ» ትለዋለህ፤ ከምሳ ስትመለስ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፎቶሾፑን፣ ጸረ ቫይረሱን ሳይቀር አጭቆ ይሰጥሃል። የምትከፍለው ለልጁ ድካም ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል፤ ጠጋኙ ግን አዋጁን አላነበበም፤ ቢያነብም የሱቁን ኪራይ አይከፍልለትም። በሌላ አገር የሊኑክስ ሰባኪ «የእነሱ ውድ ነው፣ የኛ በነፃ ነው» ብሎ ይጀምራል። እዚህ ግን ስብከቱ ገና ከደጃፍ ይከሽፋል። ነፃው የሚፎካከረው ከነፃው ጋር ነው፤ ያውም የእነሱ ነፃ ፎቶሾፕ አለው።

«ነፃ ማለት እኮ በነፃ ማለት አይደለም» ብዬ ቀጠልኩ፤ ወዳጄ ሰዓቱን አየ። የነፃ ሶፍትዌሩ ንቅናቄ አባት ሪቻርድ ስታልማን በእንግሊዝኛው «ፍሪ» በሚለው ቃል ሲሰቃይ የኖረ ሰው ነው፤ አንዱ ቃል «የማይከፈልበት»ንም «ነፃነት ያለው»ንም አዝሎ ስለሚሄድ፣ እኔ የማወራው ስለ ነፃ ንግግር ነው፣ ስለ ነፃ ቢራ አይደለም እያለ ዕድሜውን ጨረሰ። የኛ ቋንቋ ያድነናል ብዬ ነበር። አላዳነንም። ነፃ ሰው፣ ነፃ አገር፣ በነፃ ምሳ፤ ልዩነቱ አንዲት «በ» ናት። እስቲ በአንዲት «በ» ሰው ይሰበካል?

ከዚህም የሚያናድደኝ የነገሩ አጀማመር ነው። ይህ ሁሉ የነፃነት ታሪክ የተጀመረው ከፕሪንተር ነው። በ1980 ገደማ ስታልማን ይሠራበት በነበረው የኤምአይቲ ላቦራቶሪ ከዜሮክስ የተገኘ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር ገባ። ወረቀት ይነክሳል። የድሮው ፕሪንተር ኮድ በእጃቸው ስለነበር፣ ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሰዎች በየኮምፒውተራቸው መልእክት እንዲደርሳቸው አድርገው ነበር፤ የአዲሱ ኮድ ግን የለም። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ ሰው አለው ሲባል ስታልማን ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ ብሎ መለሰው። ያ ቂም አልወጣለትም። በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሥርዓት ፕሮጀክት አወጀ፤ በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ የሥርዓቱን ልብ፣ ሊኑክስ የተባለውን ከርነል፣ ጨመረበት፤ በማግስቱ ዓመት ከርነሉም በስታልማን ፈቃድ ሥር ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ከዚያ ቂም ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከ2017 ኅዳር ጀምሮ የዓለም 500 ኃያላን ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። አብዛኛው ሰው ኪሱ ውስጥ የያዘው አንድሮይድ ስልክ ልቡ ሊኑክስ ነው። በ2021 ማርስ ላይ ብድግ ያለችው ትንሽ ሄሊኮፕተር እንኳ የበረረችው በሊኑክስ ነው። የኔ ፕሪንተር አይሠራም። አንዲት ገጽ ታወጣና ሁለተኛዋ ላይ ትተኛለች። ሠሪዋ ከስንት ዓመት በፊት የለቀቀላት ድራይቨር አለ፤ ኮዱ ተዘግቷል፤ የሚከፍተው የለም። ማርስ ደርሰን ተመልሰን፣ ጦርነቱ የተነሣበት ወረቀት ላይ ቆመናል።

ወደ ወዳጄ ላፕቶፕ ልመለስ። ሊኑክስ ሚንት ልጭንለት ፍላሽ አዘጋጀሁ። ጫንኩ። ተከፈተ። ውብ ነው፣ ፈጣን ነው፤ አሮጌው ማሽን እንደ ገና ነፍስ ዘራ። ዋይፋይ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ቁስሉ የቆየ ነው። እኔ ከሊኑክስ ጋር የተዋወቅሁት ኡቡንቱ የሚባለው ዝርያው፣ ዕትም 6.06፣ በሲዲ ሲላክልኝ ነው። ማርክ ሸትልዎርዝ የተባለው ደቡብ አፍሪካዊ ባለሀብት ያቋቋመው ኩባንያ ያን ጊዜ ለጠየቀው ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ፖስታ ቤት ሄጄ ሳጥኔን ስከፍት ያንን ማግኘቴ! ስሙም የአፍሪካ፤ ሰውነት ማለት ነው አሉን። ሮጬ ቤቴ ገብቼ ጫንኩት። የኮምፒውተሬ ሞደም ግን ዊንዶውስ ከሌለ ስልክ መደወል የማያውቅ ዓይነት ሆነና ስንት ወር ኢንተርኔት አልባ ቆየሁ። ቀጥሎ የዶንግሉ ዘመን መጣ። ያቺ ዶንግል ስትሰካ «እኔ ሲዲ ነኝ» ትላለች፤ ውስጧ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ፤ እሱ ሲጫን ነው ወደ ሞደምነት የምትለወጠው። በሊኑክስ ሲዲ እንደሆነች ትቀራለች። የምትለውጣት ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ የምትገኘው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔቱን የምታመጣው ደግሞ ዶንግሏ። እኔ ያችን ፕሮግራም በፍላሽ ለማምጣት ኢንተርኔት ካፌ ሄጄ ሳወርድ፣ የካፌው ልጅ ከበላዬ ቆሞ «ምን እያረግህ ነው?» ብሎ እንደ ሌባ አፍጥጦብኝ ነበር።

የዋይፋዩም ነገር ይኸው ነው። ካርዱን የሚያስነሣው ትንሽ ፋይል ኮዱ ዝግ ነው፤ ዝግ ስለሆነ ንጹሖቹ አናስገባም ይላሉ። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዝርያ ለዓመታት የመጫኛ ፋይሉን ከእንዲህ ያለው ርኩስ ነገር አጥርቶ ነበር የሚያቀርበው፤ ሃይማኖቱን አደንቃለሁ፣ ግን ዋይፋይ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው ምን ይሁን? በ2022 ድምፅ ተሰጥቶበት ነው ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ አብሮ እንዲገባ የተፈቀደው። የቪዲዮ ካርዱንስ ያነሣን እንደሆነ፣ ቶርቫልድስ ራሱ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ተቀምጦ የካርዱን ሠሪ ኤንቪዲያን በመሐል ጣቱ ተሳድቧል። የቤቱ ጌታ በጣት የሚሳደብ ከሆነ እንግዳው ምን ይበል? የወዳጄን ዋይፋይ ስልኬን በገመድ አገናኝቼ በስልክ ዳታ አስነሣሁት። ሒሳቡ የኔ።

ከሁሉ የሰለቸኝ የማይቆም ግንባታው ነው። እጅህ ሲለምደው ያፈርሱታል። የዴስክቶፕ ገጽ የሚሠራው ኬዲኢ በ2008 አራተኛውን ዕትም ለቀቀ፣ ሰው ጮኸ። ተፎካካሪው ግኖም በ2011 ሦስተኛውን ለቀቀ፤ የለመድነው ዝርዝር፣ ከሥር የነበረው መስመር፣ ማሳነሻው ቁልፍ ሳይቀር ድራሹ ጠፋ። ኡቡንቱም በዚያው ዓመት ዩኒቲ የሚባል የራሱን ገጽ አመጣ፤ ሰውን አስቀየመ፤ እኛ ስድስት ዓመት ተሳድበን ተሳድበን በመጨረሻ ስንወደው በ2017 ተወውና ወደዚያው ወደ ግኖም ተመለሰ። አልሸሹም ዞር አሉ። በየጊዜው የከፋው ሰው ደግሞ የድሮውን ቅጂ ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በሚል ተሰብስበን፣ እያንዳንዱ ሸረሪት የየራሱን አንበሳ መርጦ ሄደ። እኔ ራሴ ስንቱን ቀያይሬአለሁ። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ሚንት፣ አንድ ክረምት ደግሞ እብደት ይዞኝ አርች። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ስትለኝ የነበረች ባለቤቴ ናት፤ ስለ ሊኑክስ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ የበሰለው እሱ ነው።

የካልኩሌተሩን ነገር ሳልናገር ባልፍ ሆዴ ይታመማል። ኡቡንቱ 18.04 ላይ ካልኩሌተሩን ስናፕ በሚባለው አዲስ መንገድ አሽገው አመጡት። ስናፕ ማለት እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ጓዝ ሁሉ ተሸክሞ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ አንዱ የሌላውን አያበላሽም። ግን ሁለትና ሦስት ለመደመር ተጭኖ እስኪከፈት የምትጠብቅበትን ጊዜ እኔ በጣቴ ቆጥሬ እጨርስ ነበር። ቀጥሎ ፋየርፎክስን እንዲሁ አደረጉት። ሌሎቹ ስናፕን ጠልተው ፍላትፓክን ይዘዋል፤ እሱም አንዲት ትንሽ የማስታወሻ ፕሮግራም ልጫን ስትለው መጀመሪያ መሠረቱ ይውረድ ብሎ ብዙ መቶ ሜጋባይት ይጎትታል። ይህን የሚነድፉት ሰዎች ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ የሚፈስበት አገር ነው የሚኖሩት። እኛ በጥቅል ገዝተን፣ የቀረችንን ሜጋባይት በኮከብ መሰላል እየጠየቅን ነው የምናወርደው። እርግጥ ነው ቧንቧችንም አይፈስም።

አሁን ወደ አማርኛው ልምጣ፤ እንጀራዬ እሱ ነውና ምሬቴም እዚያ ይበዛል።

መመስገን ያለበትን ላመስግን። ከዩኒኮድ በፊት የነበረውን ዘመን የምታስታውሱ ታውቃላችሁ፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ እየደበቀ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍተው የጻፍከው ሁሉ እንደ ጠንቋይ ድግምት ይዥጎረጎር ነበር። ግዕዝ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ሲያገኝ ያ አበቃ፤ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች የደከሙበት ሥራ ነው። የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው፤ እስከዚያ ድረስ በነፃ የሚታደሉት ፎንቶች ነበሩ ያኖሩን። በላቲን ቁልፍ ግዕዝን የምንጽፍበት ሴራ የሚባለው አሠራርም የእነዚያው ሰዎች ውለታ ነው፤ ትልቁ ቲ ጠ፣ ትልቁ ሲ ጨ ይሆንልሃል፤ ጣት ከለመደው እንደ ውኃ ይወርዳል።

ይወርዳል፣ ስርዓቱን እስክታሻሽል ድረስ። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ዕትም በጫንኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠፋው የአማርኛ ኪቦርዴ ነው። አንዴ ፕሮግራሙ በሌላ ተተክቷል፤ አንዴ ስሙ ተለውጧል፤ አንዴ ቅንብሩ የነበረበት ገጽ ሌላ ገጽ ውስጥ ገብቷል። አሁን ደግሞ መስኮቶቹን የሚስለው የ1987ቱ ኤክስ 11 ጡረታ ወጥቶ ዌይላንድ ተተክቷል። ዌይላንድ የተጀመረው በ2008 ነው፤ ልጅ ቢሆን ይሄኔ ማትሪክ ተፈትኖ ነበር፤ ኪቦርዴን ግን ገና አልተዋወቀም። በአንዱ ፕሮግራም «ሰላም» ስል ሰላም ይለኛል፤ በሌላው «ሰላ» ብሎ የመጨረሻዋን ፊደል እንደ ያዘ ቀሪ እስክመታለት ይጠብቃል። በጥድፊያ የጻፍኩት ስንት ደብዳቤ «ከሰላ ጋር» እያለ ሄዷል መሰላችሁ።

ጽፌ ስጨርስ ደግሞ ማሳተም አለ። የኔዋ ፕሪንተር እንደነገርኳችሁ ናት፤ ስለዚህ ከቤቴ ሥር ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት እወርዳለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ፍላሼን የሰካችው ልጅ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው? አይከፍትልኝም» አለች። በሊብሬ ኦፊስ የራሱ ዓይነት አስቀምጬው ነው። «ወርድ አድርገው ያምጡልኝ» አለችኝ በትሕትና። ወጣሁ፣ በወርድ ዓይነት አስቀምጬ ተመለስኩ። ከፈተችው። አርባው ገጽ አርባ ሦስት ሆኗል። ርዕሶቹ ከገጽ ግርጌ ተንጠልጥለዋል፤ ሠንጠረዡ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ማዶ ሄዷል። ሁለቱ ፕሮግራሞች ስለ መስመር ርቀት የማይስማሙበት ነገር አለ፤ የፎንቱም መተካካት አለ፤ ምክንያቱን ላስረዳት አፌን ከፈትኩና ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው አይቼ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ፒዲኤፍ ብቻ ነው ይዤ የምወርደው። አንድ መሥሪያ ቤት ግን ይህንንም አልፈቀደልኝም፤ ማስተካከያ ብናደርግበትስ፣ በወርድ ካልሆነ አንቀበልም አሉኝ። ሊብሬ ኦፊስ ከኦፕን ኦፊስ ተለይቶ በ2010 ሲወጣ ስንት ጊዜ ተስፋ አድርገን ነበር፤ ቅጹ ግን ዛሬም «ወርድ» ነው የሚለው፤ ወርድ የፕሮግራም ስም መሆኑ ቀርቶ የሰነድ ትርጉም ሆኗል።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሼ ባዶውን ተመልሶ አያውቅም። ሁሌ ያ የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል፤ ፋይሎችህን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው። ሊኑክስ ላይ ስሰካው ቫይረሱ እንደ ሞተ ጉንዳን ተጋድሞ ይታየኛል፤ በጣቴ አንሥቼ እጥለዋለሁ። ይህች በሰፈር ያለችኝ ብቸኛ ክብር ናት። ጎረቤት ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ «አንተ ጋ አይዝም አሉ» ይላል። አይዝም። «እንዴት?» ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከዛሬ አንድ ሰው ነው፤ እሱም የልጅነት ጥርሱ ገና ያልወለቀ የጎረቤት ልጅ።

ትርጉሙን ሳልረሳ። ገጹን ወደ አማርኛ ለውጠው ብትሉ ግማሹ አማርኛ ይሆናል፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ይቀራል። አማርኛ የሆነውም አንዱ ተርጓሚ አንድ ቃል፣ ሌላው ሌላ ቃል እየሰጠው ስለሆነ የት እንዳለህ ለማወቅ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ ነው። ማን ተወው ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ማንም ገብቶ መተርጎም ይችላል፤ ክፍት ነው። እኔም አንድ ክረምት በወኔ ተነሥቼ ሁለት መቶ ያህል ሐረግ ተርጉሜ ነበር። መስከረም ጠባ፣ ሥራ በዛ፣ ተውኩት። በሙያዬ የቃላት ሰው ነኝ እላለሁ። ይቺን እንለፋት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲያንገፈግፍህ አቤት ልትል ትነሣለህ። የኔ ትልቁ ምሬት እዚህ ነው። ዊንዶውስ የተበላሸበት ጎረቤቴ ቢል ጌትስን ከነዘር ማንዘሩ ይረግመዋል። አንድ ሳንቲም ከፍሎት አያውቅም፤ ግን የሚረግመው ሰው አለው፣ ረግሞት ቀሎት ይተኛል። እኔ ማንን ልርገም? ፈቃዱን ብታነቡት በትልልቅ ፊደል ይነግራችኋል፦ ይህ ፕሮግራም ምንም ዓይነት ዋስትና የለውም፤ ቢበላሽ የምታስጠግኑት በራሳችሁ ወጪ ነው። በዚህ አገር ሰው በደል ሲደርስበት ደጅ ይጠናል፤ ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት፣ ማመልከቻውን ይዞ፣ አለቃው ሲገባ ሲወጣ እጅ እየነሣ። መራራ ነገር ነው፤ ግን ደጅ አለ። የኛ ቤት ደጅ የለውም። ሁሉም ባለቤት ነው፤ ሁሉም እንግዳ ነው።

ብልሽትህን መዝግብ ይሉሃል። ትመዘግባለህ። ዝርዝሩን፣ ዕትሙን፣ ኮምፒውተሩን። ዓመት ያልፋል። ከዚያ አንድ ማሽን ይጽፍልሃል፦ ይህ ዕትም የድጋፍ ጊዜው አልቋል፤ ችግሩ በአዲሱ ላይም ካለ እንደገና ያመልክቱ። መዝገቡ ይዘጋል። የኪቦርዴን ነገር በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና «ሦስት ዓመት ሆነው፤ ይህን የሚያይ ሰው የለም ወይ? ካልቻላችሁ ለሚችል ልቀቁት» ብዬ ጻፍኩ። በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ቃል፣ ግን መርዙን ጨምሬ።

ያንን በጻፍኩ በጥቂት ወራት፣ በ2024 መጋቢት መጨረሻ፣ የኤክስዚ ጉድ ወጣ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ የሚሠራውም ለማይክሮሶፍት (ይህንን ደጋግሜ አስቤ እስቃለሁ)፣ በርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ መመርመር ጀመረ። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ካልኩሌተር ስጠብቅ ስንት ግማሽ ሰከንድ አለፈብኝ። ሲመረምር ኤክስዚ በምትባል የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ የተቀበረ የጓሮ በር አገኘ። ትንሽ ቢቆይ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰርቨር ውስጥ ይገባ ነበር።

ኤክስዚን ለዓመታት በዋናነት የያዛት አንድ ሰው ነበር፤ ያለ ደመወዝ፣ በትርፍ ጊዜው። ማንም ሳያውቀው የዓለም ኮምፒውተሮች ትከሻው ላይ ነበሩ። (እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አይደለም፤ በ2014 የኦፕን ኤስኤስኤል ቀዳዳ ሲገለጥ፣ የኢንተርኔቱን ትልቅ ክፍል ቁልፍ የሚጠብቀው ፕሮጀክት በዓመት የሚያገኘው መዋጮ 2000 ዶላር ገደማ እንደነበር ተሰምቷል።) በ2022 አንዳንድ የማይታወቁ ስሞች ብቅ ብለው ያንን ሰው ማማረር ጀመሩ። ሥራው ዘገየ። ፍላጎትህ ሞቷል። ካልቻልክ ለሚችል ልቀቅ። ሰውየው መድከሙን ነገራቸው፤ በነፃ የሚሠራው ሥራ መሆኑንም አስታወሳቸው። አልተዉትም። በጎን ደግሞ ጂያ ታን የሚባል ትሑት፣ ታታሪ ረዳት ቀርቦ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቁልፉ በእሱ እጅ ገባ። የጓሮውን በር የቀበረው እሱ ነው። የሚያማርሩት ስሞች የእሱ አጋሮች፣ ወይም እሱ ራሱ፣ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ከሥራው በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም። ሰውየውን የጣሉበት መሣሪያ እሮሮ ነበር።

እነዚያን የማማረሪያ መልእክቶች ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። አንባቢ ሆይ፣ የኔን እጅ ጽሕፈት አየሁ። ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ያን ሌሊት ወደ ኪቦርዱ ማመልከቻ ተመልሼ የጻፍኩትን ላጠፋ ስሞክር፣ መዝገቡ ተዘግቷል፤ አይታረምም። እዚያው አለ። ማን እንዳነበበውም አላውቅም፤ ምናልባት ከሥራ ገብቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ የተቀመጠ አንድ ሰው።

ይህ ግን ምሬቴን አልቀነሰልኝም። ኪቦርዱ አሁንም አይሠራም። ከዚህ በፊት ስማረር ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ደስታዋም ሄደች።

የወዳጄን ነገር ልጨርስ። ቅዳሜ ማታ ዋይፋዩ ከተነሣ በኋላ ማሻሻያዎቹን ላውርድለት ብዬ ጀመርኩ። ከአንድ ጊጋባይት በላይ ነው። ፓኬጅ ገዛሁ። ወረደ፣ መጫን ጀመረ፣ መስመሩ እየረዘመ ሄደ፤ ሰማንያ ምናምን ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ አብሮ ጠፋ። ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰፈሩን ጄኔሬተሮች አዳመጥኩ።

እሑድ ጠዋት መብራት ሲመጣ ከፈትኩት። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ፦ ተጀምሮ የነበረው ጭነት ተቋርጧል፤ ለመቀጠል ይህችን ትእዛዝ ጻፍ። ጻፍኳት። አንድ በአንድ ካቆመበት ቀጠለ፤ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ልመና፣ ምንም ሳይጎድለው ጨረሰ። ይህን የጻፈው ማነው? መብራት የሚሄድበት አገር ሰው ሳይሆን አይቀርም። ስሙን ልፈልግ አሰብኩና ቡና ፈልቶ ነበር፣ ተነሣሁ።

ወዳጄ ከሰዓት መጥቶ ወሰደው። ደስ ብሎታል። ፍጥነቱን አየ፣ ቴሌግራም ተከፈተለት፣ የልጆቹን ፎቶ አየበት። ማክሰኞ ደወለ።

«ወርድ የታል?»

አስረዳሁት።

«እሺ። ፕሪንተሩስ?»

ዝም አልኩ።

«ስማ፣ ቆይ፣ ለመሆኑ የዚህ ነገር ኃላፊ ማነው? አቤት የሚባለው ለማን ነው?»

መስኮት አየሁ። ሰማዩ ሊዘንብ ጠቁሯል። «ቤት ነህ?» አልኩትና ጃንጥላዬን አንሥቼ ወደ ታክሲ ወረድኩ።